ደንዛዛ እግር፣ አስፈሪ ወረቀት

ስለ አንድ ወረቀት ልንገራችሁ።

አክስቴ 60 ዓመት አልፏቸዋል፤ ስኳር ከያዛቸው ብዙ ጊዜ ሆኗል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እግራቸው ደነዘዘ። መጀመሪያ ጣቶቻቸው፣ ቀጥሎ የውስጥ እግራቸው፣ አሁን ደግሞ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው። ማታ ማታ እንደ ፍም ያቃጥላቸዋል። አንድ ቀን ሊታዩ ሄደው "ለማንኛውም ሁሉንም እንየው" ተባለና ደማቸው ተቀድቶ ናሙናው ውጭ አገር ተላከ። ተመልሶ የመጣው ወረቀት ላይ 12 መስመሮች አሉ። 11ዱ "ኔጋቲቭ" ይላሉ። አንዷ ግን "ደካማ ፖዘቲቭ" ትላለች። ከሥሯ ደግሞ "ከካንሰር ጋር ሊያያዝ ይችላል" የሚል ማስታወሻ አለ።

ከዚያች መስመር በኋላ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። ሲቲ ስካን፣ ሌላ ሲቲ ስካን፣ የጡት ምርመራ፣ ጸበል፣ ብድር፣ ስድስት ወር እንቅልፍ ያጣ ቤተሰብ። ካንሰር አልተገኘም። በዚህ ሁሉ መሃል ለእግራቸው ማቃጠል የሚሆን መድኃኒት ያዘዘላቸው ሰው አልነበረም። ሁሉም ካንሰር እየፈለገ ነበራ!

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የምህንድስና የድኅረ ምረቃ ተመራማሪ ነኝ፤ የዕለት ሥራዬ ከብዙ ጫጫታ ውስጥ እውነተኛውን ሲግናል መለየት ነው። ስለዚህ እዚህ የማደርገው ሕክምና መስጠት ሳይሆን አንድን መሣሪያ መገምገም ነው። የምገመግመው "እግሬ የደነዘዘው በካንሰር ይሆን?" ለሚለው ጥያቄ የሚታዘዙትን ምርመራዎች ነው። ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር፦ ምርመራዎቹ መጥፎ አይደሉም፤ አንዳንዶቹማ ድንቅ ናቸው። ችግሩ ጥያቄ ሳይቀድማቸው ሲታዘዙ ነው።

ሽቦውና ሽፋኑ

ከአንጎልና ከሕብለ ሰረሰር ውጭ ያሉት ነርቮች የዳርቻ ነርቮች ይባላሉ። እነሱ ሲጎዱ ሐኪሞች "ፔሪፈራል ኒውሮፓቲ" ይሉታል። እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ አስቧቸው። ውስጡ ያለው ሽቦ አክሰን ይባላል፤ የላዩ ሽፋን ደግሞ ማይሊን። ብዙውን ጊዜ ረጅሙ ሽቦ ቀድሞ ይጎዳል፤ ለዚህ ነው ድንዛዜው ከእግር ጣት የሚጀምረው።

የትኛው እንደተጎዳ ለማወቅ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የነርቭ ምርመራ አለ። ነርቩን በትንሽ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሱትና መልእክቱ በምን ያህል ፍጥነት እንደደረሰ ይለካሉ። ክንድ ላይ ያለ ጤነኛ ነርቭ በሴኮንድ 50 ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይጓዛል። ፍጥነቱ በጣም ከወረደ ሽፋኑ ተጎድቷል ማለት ነው። ፍጥነቱ ደህና ሆኖ የሲግናሉ ቁመት ካነሰ ግን ራሱ ሽቦው እየሞተ ነው። ይህ ምርመራ ካንሰር አይፈልግም። ግን ቀጥሎ ምን መፈለግ እንዳለብን ይነግረናል።

ታዲያ ካንሰር ነርቭን የሚጎዳው እንዴት ነው? ዋና ዋናዎቹ መንገዶች አራት ናቸው። አንደኛው በመድኃኒቱ ነው፤ እንደ ቪንክሪስቲን፣ ፓክሊታክሰልና ሲስፕላቲን ያሉ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ነርቭ ይጎዳሉ። ሁለተኛው እጢው ራሱ ነርቩን ሲጫነው ወይም ውስጡ ሰርጎ ሲገባ ነው። ሦስተኛው አንዳንድ የደምና የመቅኒ ሕመሞች የሚያመርቱት ያልተለመደ ፕሮቲን ነው። አራተኛው ከሁሉም የሚገርመው ነው፦ ሰውነት ካንሰሩን ሊዋጋ ተነሥቶ በስህተት የራሱን ነርቭ ይመታል። ይህ "ፓራኒዮፕላስቲክ" ይባላል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት መንገዶች አብዛኛውን ጊዜ ካንሰሩ ቀድሞ ይታወቃል። ጨለማ ውስጥ የምንፈልገው በሦስተኛውና በአራተኛው ነው። ትችቴም እዚያ ላይ ነው።

እስቲ እናስላ

ስልካችሁን አውጡና አብረን እናስላ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ብዬ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ የየትኛውም አገር ስታቲስቲክስ አይደሉም።

10,000 እግራቸው የደነዘዘ ሰዎች አሉ እንበል። ከእነሱ መካከል 10ሩ ብቻ ፓራኒዮፕላስቲክ ሕመም አለባቸው። የደም ምርመራው ጎበዝ ነው፦ ከ100 በሽተኞች 90ውን ይይዛል፣ ከ100 ጤነኞች ደግሞ 97ቱን በትክክል "የለባችሁም" ይላል። ጥሩ መሣሪያ አይደል?

አሁን ሁሉንም እንመርምር። ከ10ሩ በሽተኞች 9ኙን ያዝን። ከቀሩት 9,990 ሰዎች 3 በመቶው፣ ማለትም ወደ 300 የሚሆኑት፣ በስህተት "ፖዘቲቭ" ተባሉ። በድምሩ 309 ሰዎች አስፈሪ ወረቀት ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ከእነሱ እውነተኛዎቹ 9 ብቻ ናቸው። ከ100 ፖዘቲቮች 3ቱ ማለት ነው። አክስቴ ከ97ቱ አንዷ ነበሩ።

አሁን ደግሞ ያንኑ መሣሪያ ይዘን አሠራራችንን እንቀይር። በመጀመሪያ ሐኪሙ ሰዎቹን አነጋግሮ፣ በእጁ መርምሮ፣ ሕመማቸው በጣም አጠራጣሪ የሆኑ 100 ሰዎችን ለየ እንበል። ከእነዚህ 20ዎቹ በእርግጥ በሽታው አለባቸው። ምርመራው 18ቱን ይይዛል፤ ከ80ዎቹ ጤነኞች ደግሞ 2 ወይም 3 ሰው ያስደነግጣል። አሁን ከ100 ፖዘቲቮች 88ቱ ያህል እውነተኛ ሆኑ።

አያችሁ? መሣሪያው አልተለወጠም፣ ደሙም አልተለወጠም። የተለወጠው ከምርመራው በፊት የተጠየቀው ጥያቄ ነው። "ለማንኛውም ሁሉንም እንየው" የሚለው አነጋገር ጥንቃቄ ይመስላል፤ በስሌት ሲታይ ግን ጎበዙን መሣሪያ የሚያበላሸው እሱ ነው።

ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ጨምሩበት። ወረቀቱ ላይ 12 መስመሮች ነበሩ አልኳችሁ። እያንዳንዱ መስመር የራሱ የመሳሳት ዕድል አለው። መስመር በበዛ ቁጥር ቢያንስ አንዱ ሳይገባው የመብራቱ ዕድል ይጨምራል። በእነዚህ መስመር በመስመር በሚታዩ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራዎች ላይ፣ በተለይ ውጤቱ "ደካማ" ሲሆን፣ ሐሰተኛ ፖዘቲቭ እንደሚበዛ በዘርፉ ያሉ ባለሙያዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ስለዚህ ውጤቱን በሌላ ዘዴ፣ ለምሳሌ በአይጥ አንጎል ቁራጭ ላይ ደሙን ፈትኖ በማየት፣ ማረጋገጥ ይመከራል። የአክስቴ ወረቀት ላይ ይህን የሚል አንድም ቃል አልነበረም።

ግን መሣሪያው ድንቅ ነው

ይህን ያህል ከወቀስኩ ምስጋናውንም ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ1948 ዴሪክ ዴኒ-ብራውን የተባሉ የነርቭ ሐኪም የሳንባ ካንሰር ያለባቸው 2 ሕሙማን ላይ የስሜት ነርቮቻቸው ክፉኛ እንደጠፉ ጽፈው ነበር። እጢው ነርቩን አልነካውም፤ ታዲያ ማን ገደለው? መልሱ መምጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ፍራንሴስክ ግራውስ፣ ካርሎስ ኮርዶን-ካርዶና ጄሮም ፖስነር በእንዲህ ያሉ ሕሙማን ደም ውስጥ የነርቭ ሴሎችን የሚለይ ፀረ እንግዳ አካል አገኙ። ዛሬ "አንቲ-ሁ" የምንለው እሱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። "ስሞል ሴል" የሚባለው የሳንባ ካንሰር በጤነኛ ሰው ላይ ነርቮች ብቻ የሚሠሩትን ፕሮቲን ይሠራል። የሰውነት መከላከያ "ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?" ብሎ ይነሣል። ከዚያ ያው ፕሮቲን ያለባቸውን ነርቮችም ይመታል። የሚመታው በተለይ ከአከርካሪ አጥንት አጠገብ ያሉትን የስሜት ነርቭ ሴሎች ነው። ሴሉ ራሱ ከሞተ ሽቦው ተመልሶ አይበቅልም።

ትልቁ ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ብዙውን ጊዜ የነርቭ ሕመሙ ካንሰሩ ከመታወቁ በፊት፣ አንዳንዴም ወራት ቀድሞ ይመጣል። ስለዚህ በትክክለኛው ሰው ላይ የተገኘ አንቲ-ሁ ሕይወት ሊያተርፍ የሚችል ቀድሞ የደረሰ ጥቆማ ነው። እዚህ ላይ የሕክምናው ዓላማ የጠፋውን መመለስ ሳይሆን የቀረውን ማትረፍ ስለሆነ ሳምንታትም ዋጋ አላቸው።

"ትክክለኛው ሰው" ማን ነው? ሕመሙ በዓመታት ሳይሆን በሳምንታትና በጥቂት ወራት የባሰበት። ከሁለቱም እግር እኩል ሳይሆን ከአንድ ጎን ወይም ከእጅ የጀመረው። ዓይኑን ሲጨፍን እጁ የት እንዳለ የማያውቅ፣ ቆሞ የሚንገዳገድ። በተለይ ለረጅም ዓመታት ያጨሰ ከሆነ። ይህ ከአክስቴ ሕመም ጋር ይመሳሰላል? በጭራሽ።

ነጥብ የሚሰጠው ሰንጠረዥ

እ.ኤ.አ. በ2021 ግራውስና ባልደረቦቻቸው አዲስ መመዘኛ አወጡ። እንደ መሐንዲስ ስመለከተው ደስ ይለኛል፤ ነጥብ አለዋ! ለሕመሙ ዓይነት ከ0 እስከ 3፣ ለፀረ እንግዳ አካሉ ከ0 እስከ 3፣ ለካንሰሩ ከ0 እስከ 4 ይሰጣል። ድምሩ 8ና ከዚያ በላይ ከሆነ "የተረጋገጠ"፣ 6 ወይም 7 "ሊሆን የሚችልበት ዕድል ከፍ ያለ"፣ 4 ወይም 5 "ምናልባት"፣ ከ3 በታችና 3 ከሆነ "አይደለም" ይባላል።

ጥሩ ጎኑ ግልጽ ነው። ደሙ ብቻውን ፍርድ መስጠት አይችልም፤ የተረጋገጠ ለመባል ካንሰሩ የግድ መገኘት አለበት። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የሕመሙ ዓይነት ከካንሰር ጋር የማይያያዝ ሆኖ 0 ያገኘ ሰው አለ እንበል። ደሙ ላይ "ከፍተኛ አደጋ" ከሚባሉት ፀረ እንግዳ አካላት አንዱ ተገኘ፣ 3። ካንሰር አልተገኘም፣ ግን ክትትሉ 2 ዓመት አልሞላም፣ 1። ድምር 4፤ "ምናልባት"። ያ 3 ነጥብ ከሐሰተኛ መስመር የመጣ ቢሆንስ? ያን ሰው "ምናልባት" የሚለው ክፍል ውስጥ አስገብተን 2 ዓመት ልናስጨንቀው ነው። 2 ዓመቱ ሲያልፍ አንዷ ነጥብ ትወርድና "አይደለም" ይባላል። የመመዘኛው ደራሲዎች ራሳቸው ውጤቱ በሌላ ዘዴ ካልተረጋገጠና ከሕመሙ ጋር ካልተገጣጠመ እንዳይታመን ያስጠነቅቃሉ። እኔ የምተቸው ሰንጠረዡን ሳይሆን ማስጠንቀቂያውን ትቶ ነጥቡን ብቻ የሚደምረውን ሰው ነው።

በእውነት አጠራጣሪ በሆነ ሰው ላይ ግን የመጀመሪያው ስካን ንጹሕ መሆኑ አይበቃም። መመዘኛው በየ4 እስከ 6 ወሩ ለ2 ዓመት ደግሞ መፈለግን ይመክራል። እዚያ ቦታ ላይ "አልተገኘም፣ በቃ" ማለትም እኩል ስህተት ነው።

ርካሹና የተረሳው ምርመራ

ወደ ሦስተኛው መንገድ፣ ወደ ፕሮቲኑ እንመለስ። በ1840ዎቹ ለንደን ውስጥ ሄንሪ ቤንስ ጆንስ የአንድ ሕመምተኛ ሽንት ውስጥ ያልተለመደ ፕሮቲን መርምረው ነበር። ቆይቶ ስዊድናዊው አርነ ቲሴሊየስ የደም ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ ኃይል እያሯሯጡ መለየት ቻሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አገኙ። ኤሌክትሮፎረሲስ የሚባለው ይህ ነው። ጤነኛ ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካላት ብዙ ዓይነት ስለሆኑ በሥዕሉ ላይ ሰፊ ኮረብታ ይሠራሉ። አንድ የሴል ዘር ብቻውን ከተባዛ ግን አንድ ዓይነት ፕሮቲን ይበዛና እንደ ጦር የሾለ ጫፍ ይወጣል። ኢሚዩኖፊክሴሽን የሚባለው ረቂቅ ዘዴ ደግሞ ጫፉ በጣም ትንሽ ቢሆን እንኳ ያገኘዋል።

የአሜሪካ የኒውሮሎጂ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ምክር በሁለቱም እግር እኩል ለሚጀምር የተለመደ ዓይነት ኒውሮፓቲ ብዙ ውጤት የሚሰጡ ብሎ የጠቀሳቸው የደም ምርመራዎች ሦስት ናቸው፦ የስኳር መጠን፣ ቫይታሚን ቢ12 ከተጓዳኞቹ ጋር፣ እና ይህ የፕሮቲን ምርመራ በኢሚዩኖፊክሴሽን። ልብ በሉ፤ 12 መስመር ያለው ወረቀት ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ የለም። አክስቴ ውጭ አገር የተላከው ተሠርቶላቸው ይህኛው ግን አልተሠራላቸውም ነበር።

እዚህም ግን ያው ወጥመድ አለ። በአሜሪካ ሚኒሶታ ኦልምስቴድ በሚባል አካባቢ ዕድሜያቸው 50ና ከዚያ በላይ የሆኑ 21,463 ሰዎች ተመርምረው 3.2 በመቶዎቹ ላይ ፕሮቲኑ ተገኝቷል። በጋና ከ50 እስከ 74 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ ወደ 5.8 በመቶ አግኝቷል። አብዛኞቹ ምንም አይሉም፤ ይህ ሁኔታ ኤምገስ ይባላል፤ በዓመት ወደ ካንሰር የሚለወጠው 1 በመቶ ያህሉ ነው። ስለዚህ እግሩ በስኳር የደነዘዘ ሰው ፕሮቲኑም ሊኖረው ይችላል፣ ሁለቱ ሳይተዋወቁ።

ግን ሲተዋወቁ ማለፍ አደጋ ነው። ፖኤምስ የሚባለውን ብርቅ ሕመም ውሰዱ። ነርቩ የሽፋን ጉዳት ስለሚያሳይ በተደጋጋሚ ከሌላ የነርቭ ቁጣ ጋር ይምታታል፤ ሕመምተኛው የማይሠራለትን ውድ መድኃኒት ሲወስድ ይቆያል። ፕሮቲኑ ትንሽ ስለሆነ ተራው ኤሌክትሮፎረሲስ ሊስተው ይችላል። "ቪኢጂኤፍ" የሚባለውን ንጥረ ነገር መለካትና አጥንትን በምስል ማየት ግን ይገልጠዋል። ችግሩ አንድ አጥንት ላይ ብቻ ካለ በጨረር ይታከምና ነርቩ ሊያገግም ይችላል። አሚሎይድ የሚባለውም አለ፤ ፕሮቲኑ ነርቭና ልብ ላይ ይከማቻል። ሲነሡ ማዞር፣ ክብደት መቀነስና የእጅ አንጓ ነርቭ መጣበቅ ምልክቶቹ ናቸው። ከሰውነት የተወሰደው ቁራጭ ኮንጎ ሬድ በሚባል ቀለም ተነክሮ በልዩ ብርሃን ሲታይ አረንጓዴ ያበራል።

"ብንመረምር ምን ይጎዳናል?"

ይህን ጥያቄ ከእናንተ እጠብቃለሁ። እኔም ለአክስቴ ልጆች መልስ ያጣሁለት ጥያቄ ነው። ጉዳቱ ሦስት ነው። ሐሰተኛው ፖዘቲቭ ገንዘብና እንቅልፍ ይበላል። ሐሰተኛው ኔጋቲቭ ደግሞ "ነጻ ነህ" ብሎ ያዘናጋል። ሦስተኛው ትኩረት ነው፤ ካንሰር ስንፈልግ ደጃፋችን ላይ ያለውን እናልፋለን።

ደጃፋችን ላይ ያለው ደግሞ ከአገር አገር ይለያያል። እኛ ዘንድ ስኳር አለ፣ ኤችአይቪ አለ፣ አልኮል አለ። ነርቭ እንዳይጎዳ ከቫይታሚን ቢ6 ጋር መሰጠት ያለበት አይሶናያዚድ የሚባለው የቲቢ መድኃኒት አለ። አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል ሲመሠረት ዋና ጉዳዩ የነበረው ሥጋ ደዌም ገና አልጠፋም። ቆዳ ላይ ያለን ስሜት አልባ ነጭ ምልክት ለማየት ናሙና ውጭ አገር መላክ አያስፈልግም፤ ካልሲ ማስወለቅ ይበቃል።

ፍትሐዊ ለመሆን ሌላኛውንም ወገን ልውቀስ። "ስኳር አለባቸው፣ ስለዚህ ስኳር ነው" ብሎ መዝጋትም ያው ያለ ጥያቄ መፍረድ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ሌላ በሽታ አይያዝም ያለው ማነው? በሦስት ወር ውስጥ መራመድ ያቃተው ሰው ስኳር ቢኖርበትም መመርመር አለበት፣ ያውም ዛሬ።

ታዲያ ምን ይስተካከል? እንደ መሐንዲስ የምጠይቀው ቀላል ነው። ውጤቱ የሚጻፍበት ወረቀት ይቀየር። "ደካማ ፖዘቲቭ" ከሚለው ጎን "በሌላ ዘዴ አልተረጋገጠም" ተብሎ ይጻፍ። የምርመራ ማዘዣው ላይ ደግሞ አንድ ባዶ መስመር ይኑር፦ "ይህን ምርመራ ያዘዝኩት ምን ስለጠረጠርኩ ነው?" መስመሩን መሙላት ያልቻለ ደሙን አይቅዳ።

እናንተም ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣ ሁለት ነገር መጠየቅ ትችላላችሁ፦ "ከምርመራው በፊት ምን ተጠርጥሮ ነበር?" እና "ውጤቱ ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ ቢሆን የምናደርገው ነገር ይለወጥ ነበር?" ሐኪም መቃወም አይደለም፤ ጥሩ ሐኪም እነዚህ ጥያቄዎች ደስ ይሉታል።

አክስቴን በመጨረሻ ያየቻቸው ሐኪም መጀመሪያ ያደረገችው ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጋ "እማማ፣ መቼ ነው የጀመረዎት?" ማለት ነበር። ከዚያ ካልሲያቸውን አስወለቀቻቸው። የፕሮቲኑም ምርመራ ተሠራላቸው፤ ንጹሕ ነው። አሁን ማታ የሚወስዱት ኪኒን አላቸው፤ ማቃጠሉ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ያስተኛቸዋል። ወረቀቱን ግን እስካሁን አልጣሉትም። ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አጥፈው አስቀምጠውታል፤ አንዳንዴ አውጥተው ያችን አንድ መስመር ያነቡና "ልጄ፣ እርግጠኛ ነህ?" ይሉኛል።